ያ ሐምራዊ አበባ ያለው ባለ ሦስት ቅጠል ምንድን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዝናቡ አባርቶ መስኩ ማበብ ሲጀምር ስለ ዱር ተክል የሚጠይቁን ይበዛሉ። የዚህ ወር ጠያቂዎች ደግሞ ተመካክረው የጻፉ ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ማገጥ ላይ፣ ፈረንጆቹ ክሎቨር የሚሉት ባለ ሦስት ቅጠል የመስክ ተክል ላይ ወድቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፣ የቀሩትን በአጭር በአጭሩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከድሬ ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎን አልፈን፣ ሐረማያ ሳንደርስ መኪና አቁመን ነበር። ከመንገዱ ዳር፣ ማሽላው ማሳ ጠርዝ ላይ፣ ክብ ክብ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ሜዳውን ሞልቶታል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ “የአውሮፓ ቀይ ክሎቨር” አለኝ። እዚያ ያገኘናቸው ገበሬ “ሲዲሳ ነው” አሉን። እናቴ ደግሞ አልፋልፋ ነው ብላ ድርቅ አለች። አቦ ገላግሉን! ፎቶ ልኬያለሁ። (አንዲት አንባቢ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገበሬው ልክ ናቸው። በኦሮምኛ ሲዲሳ፣ በአማርኛ ማገጥ ይባላል። እናትሽም ብዙ አልራቁም፣ አልፋልፋ የማገጥ የቅርብ ዘመድ ነው። አፑ ግን ዘሩን አግኝቶ ሰውየውን ስቷል።

ነገር ግን “ማገጥ ነው” ብለን ብንተወው ግማሽ መንገድ ላይ መቆማችን ነው። ማገጥ የአንድ ተክል ስም አይደለም። የዓለምን ሁሉ ብንቆጥር ወደ 250 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ከ25 ይበልጣሉ፤ ከእነሱም ጥቂት የማይባሉት ከእኛ ደጋ ውጭ የትም አይገኙም። ከነዚህ ሁሉ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አበባውን ብቻ ማየት አይበቃም። ሰው ሁሉ የሚልክልን ፎቶ ደግሞ የአበባ ፎቶ ነው! የሚያምረው እሱ ስለሆነ ይሆናል፣ ለመለየት ግን ከሁሉ የሚያንሰው ማስረጃ ነው፤ ሐምራዊ አበባ ያለው ማገጥ አንድ ሁለት ብቻ አይደለምና።

መጀመሪያ እናትሽን እናሳምን። ሦስቱን ቅጠል ዘርግተሽ መካከለኛውን አሳያቸው። በአልፋልፋ ላይ መካከለኛው ቅጠል የራሱ አጭር ዘንግ አለውና ከሁለቱ ወጣ ብሎ ይቆማል፤ የጠርዙ ጥርስ ደግሞ ጫፉ አካባቢ ብቻ ነው። ያንቺ ፎቶ ላይ ግን ሦስቱም ከአንድ ነጥብ የተነሱ ናቸው፣ ደቃቁ ጥርስም ጠርዙን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሬ ከያዘማ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። የአልፋልፋ ፍሬ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ነው። የማገጥ ፍሬ በጣም ትንሽ ስለሆነ የደረቀው አበባ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል፤ አበባው ጠውልጎ ቡናማ ቢሆንም ቶሎ አይረግፍም፣ ፍሬውን እንደያዘ ይቆያል።

በነገራችን ላይ አብሽም የዚሁ ወገን ነው። ሐረር ገብቶ ከአብሽ የሚሠራውን ሁልበት የበላ ሰው የማገጥን ዘመድ ቀምሷል ማለት ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው፣ ነገር ግን አበባው ነጣ ያለ ቢጫ፣ ፍሬውም ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታም። አበባው ደማቅ ቢጫ፣ ፍሬው ደግሞ ተጠቅልሎ እሾህ ያወጣና ልብስ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ የአልፋልፋ የዱር ወንድም ነው፣ እሱም ማገጥ አይደለም። ሌላው አታላይ ሮዝ አበባ ያለው፣ ከመሬት በታች ትናንሽ የሽንኩርት ራስ የመሰለ ነገር የሚያፈራው የማሳ አረም ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ገበሬውን ያማረረው እሱ ነው። የእሱ ሦስት ቅጠሎች ጫፋቸው የተሰነጠቀ የልብ ቅርጽ አላቸው፣ ቢታኘክም ይኮመጥጣል። ግን አታኝኪ። የጫት ማሳ ዳር የበቀለ ነገር ላይ ምን እንደተረጨበት ማን ያውቃል?

አሁን ወደ አፑ። ቀይ ክሎቨር የአውሮፓና የምዕራብ እስያ ተክል ነው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ትሪፎሊየም ፕራቴንሴ (ትሪፎሊየም የማገጦች ሁሉ የወል ስም ነው)። ከዓመት ዓመት የሚቆይ ነው፣ ፀጉራም ነው። ትልቁ መለያው ደግሞ የአበባው ኳስ አቀማመጥ ነው፦ ከላይኞቹ ቅጠሎች ላይ እንዳለ ቁጭ ይላል፣ ዘንግ የለውም ማለት ይቻላል። ያንቺን ሁለተኛ ፎቶ እዪው። ኳሱ ከቅጠሉ ከፍ ብሎ በረዘመ፣ በባዶ ዘንግ ላይ ቆሟል። ግንዱም ለስላሳ ነው፣ ፀጉር አይታይበትም። ይሄ ብቻውን አፑን ውድቅ ያደርገዋል። እነዚህ አፖች ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፤ ወገኑን ለማወቅ ይረዳሉ። ወደ ዝርያው ሲወርዱ ግን አብዝተው የሚያውቁትን የፈረንጅ አገር ተክል ስም ይሰጡሻል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “የአንድ ዓመት ነው ወይስ ከርሞ የሚመለስ?” ነው። ይሄን የሚነግርሽ ሥሩ ነው። አንዱን ቀስ ብለሽ ከነሥሩ ንቀይ። አንድ ቀጭን ዋና ሥር ቁልቁል ወርዶ፣ ግንዶቹ ሁሉ ከዚያው ከአንድ ቦታ ከተነሱና መሬት ለመሬት እየተሳቡ በየአንጓው ሥር ካላወጡ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ዝናብ ሲገባ ይበቅላል፣ መስከረምና ጥቅምት ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ በበጋው ይሞታል። የሚሳብ ከሆነ፣ በየአንጓው ሥር ከሰደደ፣ አበባውም ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እሱ ምናልባት ትሪፎሊየም ሴሚፒሎሰም ይሆናል፤ እሱም የአገራችን ነው፣ ነገር ግን ዓመት ከዓመት የሚኖር ነው። ያንቺ በሦስተኛው ፎቶ ላይ እንደሚታየው አንድ ቀጭን ሥር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የአንድ ዓመት፣ የአገር ተወላጅ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ማገጥ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለምንም ጥርጥር ልነግርሽ እችላለሁ።

ከዚህ ወዲያ ሚዛኔ ወደ ትሪፎሊየም ሩፔሊያነም ያደላል። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ላይ እጅግ ከተለመዱት የአንድ ዓመት ማገጦች አንዱ ነው። የመንገድ ዳር፣ ዳዋ የበላው ማሳ፣ ያደረ መሬት፣ የእህል መሐል ሁሉ ይስማማዋል። ስሙ የተሰጠው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ለዞረው ለጀርመናዊው ሩፔል መታሰቢያ ነው። የብዙዎቹ ማገጦቻችን ስም እንዲህ የተጓዦች መዝገብ ነው፦ አንዱ ኳርቲኒያነም፣ አንዱ ስቶይድኔሪ፣ አንዱ ሺምፐሪ። ሺምፐር ቢያንስ እዚሁ ኖሮ፣ እዚሁ አግብቶ፣ በ1878 (እ.ኤ.አ.) ዐድዋ ላይ የሞተ ሰው ነው። በአገር ስም ከተጠሩት አንዱ ቴምቤንሴ ሲሆን እሱም ተምቤንን ይዞ ነው። ገበሬው ሲዲሳ እያለ ሲጠራው የኖረው ዘመን ግን በየትኛውም ስም ላይ የለም፣ ያው እንደተለመደው።

ለምን “ያደላል” እላለሁ? ምክንያቱም ጎረቤቶቹ ብዙ ናቸው። ቴምቤንሴ እርጥብ ሣር ላይ፣ ውኃ በሚተኛበት ቦታ መብቀል ነው የሚወደው። ስቶይድኔሪም ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ውኃ ቢቆምበት አይደነግጥም። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበትና እንደገና ውኃ በያዘበት ዙሪያ ያለው ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እነዚህን ነበር የምጠረጥረው። ኳርቲኒያነም ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ነው፣ ቅጠሎቹ ረዘም ጠበብ ይላሉ። ያንቺ ከደረቅ መንገድ ዳር፣ ከማሽላ ጠርዝ ላይ ነው፣ ቅጠሉም ወደ እንቁላል ቅርጽ ይሄዳል። ሚዛኑን ያደላው ይሄ ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ያለው ማንም ፎቶ የማያነሳው ቦታ ላይ ነው፦ የጠወለገው አበባ ላይ። እያንዳንዷን ደቃቅ አበባ ከሥር የያዘች አረንጓዴ ጽዋ አለች። በእሷ ላይ ቁልቁል የተሰመሩ ጅማቶች አሉ፣ ቁጥራቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አፏ ላይ አምስት ጥርስ አለ፤ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይረዝማል? ፀጉር አላት ወይስ ለስላሳ ናት? ሲደርቅ አበቦቹ ቁልቁል ይንጠለጠላሉ ወይስ እንደቆሙ ይቀራሉ? ከውስጥ ስንት ፍሬ ይወጣል? የዕፅዋት ሊቃውንት ማገጥን የሚለዩት በዚህ ነው፣ በቀለሙ አይደለም። ስለዚህ አበባው ሲያምር ብቻ ሳይሆን ሲያስጠላም ተመለሺና እዪው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጥሩ ነው። ማጉያ መነጽር ካላገኘሽ የስልክሽን ካሜራ አስጠግተሽ አንሺውና አስፍተሽ ቁጠሪ፣ ይበቃል።

ናሙና መላክ ከፈለግሽ አንዱን ሙሉ ተክል ከነሥሩ ንቀይ፤ ያበበም የደረቀም አበባ ያለበትን ምረጪ። አፈሩን አራግፈሽ በአሮጌ ጋዜጣ መሐል ዘርጊው፣ ከላዩ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ድሬ ላይ ይሄ ችግር አይደለም፣ ሙቀቱ ራሱ ያደርቅልሻል። ትኩስ የነበረበትን የአበባ ቀለም ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ሲደርቅ ይለወጣልና። ቦታው፣ ቀኑ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ከፍታውም ይጻፍ፤ ከፍታውን ስልክሽ ይነግርሻል። ከዚያ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ለሚያጠኑት ብታሳዪ ቅርብሽ ነው፤ አዲስ አበባ ከሄድሽም አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ አለ። ስም የሌለው ፎቶ ይዘሽ ከምትሄጂ ይሄን ይዘሽ ብትሄጂ በደስታ ነው የሚቀበሉሽ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የባቡር ሠራተኛ ነኝ። ሳቢያን ግቢዬ ውስጥ ጥቂት ፍየሎች አሉኝ። ከቁልቢ ስመለስ የማገጥ ዘር ሰብስቤ መጥቼ ግቢዬ ላይ ልዝራው ብዬ አስቤአለሁ። ይበቅልልኛል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አይመከርም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። የእኛ ማገጦች የደጋና የወይናደጋ ልጆች ናቸው። ቁልቢ ላይ ከጉልበት በላይ የሚሆነው ሳቢያን ወርዶ በሙቀቱ ይጨነቃል፤ ቢበቅልም ዘር ሳይዝ ይቃጠላል። ውኃ ካለዎት አልፋልፋ ይትከሉ፣ ሙቀቱን ይችለዋል፣ እየታጨደ ይመለሳል፣ ፍየሎቹም ይወዱታል። ውኃ ከሌለዎት ላብላብ የሚባለውን የመኖ ባቄላ ይሞክሩ። ቁልቢን ግን ለማገጥ ሳይሆን ለስለቱ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ወረዳ ነው የምኖረው፣ የሐረርጌው ኮምቦልቻ። ባለፈው መስከረም ላማችን ጠዋት ሲዲሳ ግጣ ከሰዓት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ ለጥቂት ተረፈች። ተክሉ መርዝ አለው ማለት ነው? ነቅለን እንጣለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መርዝ የለውም። ችግሩ ለምለምነቱ ነው። ማገጥ ፕሮቲን የበዛበት፣ ቶሎ የሚፈጭ መኖ ነው። የተራበ ከብት ጤዛ ያለበትን ለጋ ማገጥ በብዛት ሲበላ ጨጓራው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ጋዙ አረፋው ውስጥ ይታሰራል፣ ማግሳት ያቅተዋል፣ በግራ ጎኑ በኩል ይነፋል። ሳንባውን ሲጫነው መተንፈስ ያቅተውና በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ገበሬው ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ ማገጥን በዓይነ ቁራኛ የሚያየው።

መከላከያው ቀላል ነው። ጠዋት ከብቱን ባዶ ሆዱን አታሰማራው። መጀመሪያ ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ አብላው፣ ጤዛው ሲጠፋ ውጣ፣ ማገጡ ብቻውን የሞላበት ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት አትተወው። አጭደህ አጠውልገህ፣ ከሌላ ሣር ጋር ቀላቅለህ ብትሰጥ ደግሞ የተሻለ ነው። ቀድሞ ከነፋው ከማገጡ ወዲያው አስወጣው፣ እንዲተኛ አትፍቀድ፣ ፊቱን ወደ ዳገት አድርገህ አቁመው። ለትልቅ ላም ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ እያልክ አጠጣ፤ ዘይቱ አረፋውን ይሰብረዋል። ግን ጭንቅላቷን ወደ ላይ አጣመህ አታፍስስባት፣ ሳንባዋ ከገባ ከመንፋቱ የባሰ ይሆናል። በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ጎረቤት “በቢላ ልውጋት” ቢልህ እምቢ በል፣ የሚወጋበትን ቦታና መሣሪያ የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

ነቅሎ መጣሉስ? እንዳትሞክረው። ከነመንፋቱ ከመስኩ ላይ ካለው መኖ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቀርሳ ላይ የአባቴ ማሳ ውስጥ ስንዴው መሐል ማገጥ ይበዛል። አባቴ አረም ነው ብሎ ይነቅላል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት አፈር ያለማል ሲባል ሰምቻለሁ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም። አንዱን ነቅለህ ሥሩን እየው፤ ትናንሽ እባጮች አሉበት። በጥፍርህ ሰንጥቀው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እያመጡ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈትተዋል። ነገር ግን ይሄ ናይትሮጅን በአብዛኛው መጀመሪያ የሚገባው ማገጡ ውስጥ ነው። ስንዴው የሚያገኘው ማገጡ ተገልብጦ ሲበሰብስ፣ ማለትም ለከርሞው ነው። ዘንድሮ ግን ስንዴውን ከበለጠው ብርሃንና ውኃ ይሻማዋል። ስለዚህ ስንዴው ትንሽ ሳለ አባትህ ይንቀሉ፤ ስንዴው ከፍ ካለ በኋላ ከሥር የሚበቅለውን ይተዉት። ካጨዱ በኋላ ለከብት ይሆናል፣ የቀረውን ያርሱታል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ የገባበት መሬት ላይ ማገጥ እንደሚፋፋም አትርሳ፤ ስንዴውን ልትመግብ ስታስብ እሱንም ትመግበዋለህ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ተራራ ላይ ስንንሸራሸር አራት ቅጠል ያለው ማገጥ አገኘሁ። ዕድል ያመጣል ይባላል፣ እውነት ነው? (ከጀጎል)

መልስ፦ የፈረንጅ አገር ወግ ነው። ተክሉ አንዳንዴ ቅጠል ይበዛበታል፣ ሌላ ዝርያ ሆነ ማለት አይደለም። ሎተሪ ግን ግዢ፣ ምን ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የአገራችንን ማገጥ ግቢ ውስጥ ዘርተን ከብቅለቱ እስከ ዘሩ ብንከታተለው ብዬ አሰብኩ። ዘሩን ከየት ላምጣ? እንዴትስ ይዘራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግሩም ሐሳብ ነው። ሐረር 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይስማማዋል። ዘሩን ራሳችሁ ብትሰበስቡት ይሻላል፤ ኅዳር ላይ የደረቁትን ቡናማ ኳሶች ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ አሹት። ሩቅ ቢሆንም አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክ አለው፣ የአፍሪካ ማገጦችንም ያስቀምጣል፤ ለትምህርት እንደሆነ ገልጻችሁ ጠይቁ።

ከሁለቱም አካባቢ የመጣ ዘር ቆዳው ጠንካራ ነው። ዝም ብሎ ከተዘራ ጥቂቱ ይበቅላል፣ የቀረው ዓመትም ሁለት ዓመትም ይተኛል፤ ይሄ ተክሉ ከመጥፎ ዝናብ የሚያመልጥበት ዘዴው ነው። ስለዚህ ዘሩን በሁለት ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ድምቀቱ ሲጠፋ ይበቃል። ለተማሪዎቹ ግማሹን አሽታችሁ ግማሹን ሳታሹ በተለያየ መደብ ብትዘሩት ልዩነቱን በዓይናቸው ያያሉ። የሚዘራው ዝናብ ከገባ በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ነው። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት፣ ደቃቅ ነውና አቅም አጥቶ ይቀራል። ከተቻለ ማገጥ ይበቅልበት ከነበረ ቦታ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር አምጥታችሁ መደቡ ላይ በትኑ፤ የአፍሪካ ማገጦች ከአውሮፓ ማገጥ ባክቴሪያ ጋር ብዙም አይግባቡም፣ የራሳቸውን ይፈልጋሉ። ነሐሴ ላይ አንዱን ነቅላችሁ እባጮቹን ሰንጥቁ። መደቡን ደግሞ አጥሩበት፤ የሸዋ በር ፍየሎች የትምህርት ሙከራ መሆኑን አያውቁም።